ሥርዓተ ፆታ በትምህርት ቤትና በኬጂ፦ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁን

ከመምህራን ጋር ስልጠና ስንቀመጥ፣ በተለይ ሻይ ሰዓት ላይ፣ የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ሥርዓተ ፆታ ሲባል የሴቶች ጉዳይ ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ፆታ ይዘነው የምንወለደው ነው። ሥርዓተ ፆታ ግን ከተወለድን በኋላ ሰው የሚያሸክመን ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም።» «ሴት ልጅ ድምጿ አይሰማም።» ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ከብት ይጠብቃል፣ ማን ስብሰባ ላይ ይናገራል። ይህን ሁሉ ያገኘነው ከቤት፣ ከሰፈርና ከትምህርት ቤት ነው።

የሴቶች ጉዳይ በብዛት የሚነሳው ጉዳቱ እነሱ ላይ ስለሚበዛ ነው። የወንዶቹም ግን አለ። ሐይቁ ዳር ያስተማረ ሰው፣ ለዓሣ ወይም ለእረኝነት ተብሎ ከትምህርት የቀረ ወንድ ልጅ ሳያውቅ አይቀርም። እሱንም ያስቀረው «ወንድ ስለሆንክ» የሚለው ሸክም ነው።

እኩልነትና ፍትሐዊነት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በምሳሌ ይቀላል። አንድ ትምህርት ቤት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል እንበል። በሩ ለወንዱም ለሴቷም ክፍት ነው። ይህ እኩልነት ነው። ሴቷ ግን በዚያ ሰዓት እራት ትሠራለች። ሳይመሽም ቤቷ መድረስ አለባት። ስለዚህ ትቀራለች። ማጠናከሪያው ወደ ቅዳሜ ጠዋት ሲዞር እሷም ትመጣለች። ፍትሐዊነት የምንለው ይህን ነው፤ የተከፈተው በር ጋ ሁሉም መድረስ እንዲችል ማድረግ።

የማስተምረው ኬጂ ነው። ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው። ለእነሱም ያስፈልጋል?

እንዲያውም ከሁሉ በፊት። ልጅ ሦስት ዓመት አካባቢ ሲሆነው «እኔ ወንድ ነኝ»፣ «እሷ ሴት ናት» ማለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ወንድ ምን ይሠራል፣ ሴት ምን ትሠራለች የሚለውን ከየቦታው ይለቅማል። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። ያያል፣ ይሰማል፣ ይይዛል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ለልጆች «በጣም በጣም ብልህ» ስለሆነ ሰው ታሪክ ነገሯቸው። ከዚያ የወንዶችና የሴቶች ፎቶ አሳይተው፣ ያ ብልህ ሰው የትኛው ይመስላችኋል አሏቸው። በ5 ዓመታቸው ወንዶቹም ሴቶቹም በብዛት የራሳቸውን ፆታ መረጡ። በ6 እና በ7 ዓመታቸው ግን ሴቶቹ ልጆች ሴቷን መምረጥ ቀነሱ። አገሩ ሌላ ነው። ዕድሜው ግን ያስደነግጣል። በእኛ አገር ቅድመ አንደኛ የሚባሉት ሁለት ዓመታት ልክ እዚያው ላይ ነው የሚያርፉት።

ስልጠናው ምን ይመስላል? ስንት ጊዜስ ይወስዳል?

ሐይቁ ዳር አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ስላይድ አይቶ፣ አበል ፈርሞ መመለስ ብቻውን ስልጠና አይሆንም። ብዙዎቻችን አልፈንበታል። ሰኞ ክፍል ስንገባ ያው የድሮው ሰው ነን።

የሚሠራው ቀስ ያለው መንገድ ነው። በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ለዚህ ጉዳይ መመደብ ይቻላል። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ስለ ጉዳዩ እንነጋገራለን። ከዚያ ሁለት ሁለት መምህራን ይጣመራሉ። አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ ያየውን ይመዘግባል። በሁለት ሳምንት አንዴ ይገናኛሉ። አንድ ነገር ብቻ መርጠው ይቀይራሉ፤ ደግመው ያያሉ። በወሰነ ትምህርት አንድ ዙር ብንጨርስ ይበቃናል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ከገባበት ደግሞ የአንዱ ትምህርት ቤት ልምድ ለጎረቤቱ ይደርሳል።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ዛሬም «ፔዳ» የምንለው ግቢ በ1965 ዓ.ም. የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ነው የጀመረው። በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ) ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚህ ከተማ ወጥቶ የሚያስተምረው ሰው ብዙ ነው። እጩ መምህራን ለልምምድ ወደ ክፍል ሲገቡ፣ የሚገመገሙበት ቅጽ ላይ «ማንን ጠየቀ?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው።

ክፍሌ ውስጥ አድልዎ የለም ብዬ አምናለሁ። እንዴት ላረጋግጥ?

ቁጠሩ። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

እኔም እንደ እናንተ አምን ነበር። አምስተኛ ክፍል ሂሳብ ሳስተምር አንዲት ባልደረባዬ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ቆጠረችልኝ። ከሦስት ጥያቄ ሁለቱን የምሰጠው ለወንዶች ነበር። የበለጠ ያመመኝ ሌላው ነው። ወንዱ ሲመልስ «ለምን? እንዴት አመጣኸው?» እላለሁ። ሴቷ ስትመልስ «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» ብዬ አልፋለሁ። ደብተር ሳርም የሴቶቹን የእጅ ጽሕፈት አደንቃለሁ፤ የወንዶቹን የአሠራር መንገድ። ሴት ነኝ። ራሴም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ያንኑ መልሼ እሰጣቸው ነበር። ይህ ነገር እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማይራና ዴቪድ ሳድከር የተባሉ ባልና ሚስት ለዓመታት ክፍሎችን ሲያዩ ቆይተው፣ መምህራን ሳይታወቃቸው ለወንዶች የበለጠ ትኩረት እንደሚሰጡ አሳይተዋል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ የዴስኮቹን አቀማመጥ ሳሉ። በየመቀመጫው «ወ» ወይም «ሴ» ጻፉ። ጥያቄ ለተሰጠው ልጅ አንድ ሰረዝ። ከመልሱ በኋላ «ለምን?» ከተባለ ሌላ ሰረዝ። ሰሌዳ ላይ ከወጣ ክብ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ባልደረባ ካላገኛችሁ ስልካችሁ ድምፅ ይቅዳላችሁና ማታ ቁጠሩት። ሌላም ቁጠሩ፤ የክፍል አለቃው ማን ነው፣ ምክትሉስ? አለቃው ወንድ፣ ምክትሏ ሴት ያልሆነበትን ክፍል ፈልጉ እስቲ። መጥረጊያ የሚይዘው ማን ነው? ዴስክ የሚያነሳውስ? ለቢሮ የሚላከውስ?

ከቆጠራችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትቀይሩት ዝምታችሁን ይሁን። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው ከአንድ ሰከንድ በላይ እንደማይጠብቁ አይታ ነበር። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ መልሱ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። እኛ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰከንድ እጁን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ የሚዘለው ወንድ ልጅ ነው። ሴቷ መልሱን ይዛ፣ ልናገር ወይስ ልተው እያለች ነው። ሦስቱ ሰከንድ የእሷ ናቸው።

ክፍሌ ጢም ያለ ነው። እንኳን ልቆጥር መተንፈሻም የለኝ። ምን ላድርግ?

የልጆቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ጣሳ ውስጥ ክተቱ። ጥያቄ ስትጠይቁ አንድ ስም አውጡ። የወጣው ስም እስከ ቀጣዩ ሳምንት አይመለስ። ጣሳው አያዳላም፤ እናንተም አትደክሙም። ስሟ ወጥቶ የፈራች ልጅ ካለች አጠገቧ ካለችው ጋር አንድ ደቂቃ ተማክራ ትመልስ።

አማርኛው ራሱ ወንድና ሴት ይለያል። ታዲያ እንዴት ልናገር?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። «አንብብ» ለወንድ ነው፣ «አንብቢ» ለሴት። ለጠቅላላው ክፍል ስንጽፍ ግን እጃችን የሚሄደው ወደ ወንዱ ነው። ሰሌዳ ላይ «ስምህን ጻፍ» እንላለን። ፈተና ላይ «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» እንላለን። ሴቷ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ለሌላ ሰው የተጻፈ ትእዛዝ እየፈጸመች ታድጋለች። መውጫውን ያው አማርኛችን ሰጥቶናል። «ጻፉ»፣ «ምረጡ»፣ «አንብቡ»። ሁለቱንም ይይዛል፤ ያከብራልም።

ምሳሌ ስትሰጡም እንዲሁ። «አበበ በሶ በላ» ብለን ያልተማርን የለንም። ሲበላ አበበ፣ ሲያቀርቡለት ደግሞ ሁሌ ሴት ናት። እስቲ አንድ ቀን አልማዝ በሬ ሸጣ ትርፏን ታስላ። አበበም ቡና ያፍላ። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ይስቃሉ። ሦስተኛ ቀን ሒሳቡን ይሠራሉ።

ከሰዋስዉ የሚከፋ ግን ሌላ አለ። ጎበዝ ሴት ስናይ «ወንድ ናት!» እንላለን። ማድነቃችን ነው። የፈራ ወንድ ልጅ ስናይ «ምን እንደ ሴት ትሆናለህ?» እንላለን። አንዳንዱ መምህር ጭራሽ «አንቺ» ብሎ ይጠራዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ወንድ መባል ሽልማት፣ ሴት መባል ቅጣት ሆኗል። እዚያ ሠላሳ ሴት ልጆች ተቀምጠው ይሰማሉ። «ጀግና ናት» ማለት ይበቃል። «ጎበዝ» ደግሞ ለሁለቱም የሚሆን ሙሉ ቃል ነው።

እናት በቁልምጫ ወንድ ልጇን «አንቺ»፣ ሴት ልጇን «አንተ» ብላ ስታገላብጠው ያ ሌላ ነው፤ ፍቅር ነው። ልዩነቱን ልጆቹም ያውቁታል። መለያው፣ የተጠራው ልጅ ፈገግ ይላል ወይስ አንገቱን ይደፋል የሚለው ነው።

ኬጂ ክፍል ውስጥ በተግባር ምን ልቀይር?

ከዕቃቃው ጀምሩ። ብዙ ኬጂዎች ውስጥ ዕቃቃው አንድ ጥግ፣ መገጣጠሚያውና መኪናው ሌላ ጥግ ነው። ሴቶቹ እዚህ፣ ወንዶቹ እዚያ ይሆናሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ቤቱን ይገነቡታል፣ ከዚያ ወጥ ይሠሩበታል፤ እነሱው ይደባለቃሉ። ወንድ ልጅ አሻንጉሊት ሲያዝል ሌሎቹ ከሳቁበት ሚስ ሄዳ አጠገቡ ትቀመጥ። «ልጁ ተኝቷል? አባቱ ነህ?» ትበል። ስብከት አያስፈልግም። ማንንም ግን ወደማይፈልገው ጨዋታ አትግፉ። በሩን መክፈት ይበቃል።

ሰልፉን ደግሞ አስቡት። «የሴቶች ሰልፍ፣ የወንዶች ሰልፍ» የምንለው ለምንድን ነው? ስለለመድን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። በቦርሳ ቀለም ይሰለፉ፤ በስማቸው መጀመሪያ ፊደል ይሰለፉ። ፊደሉንም በዚያው ይማራሉ። ምሳ ከበሉ በኋላ ጠረጴዛ የሚወለውለው በተራ ይሁን። ጠዋት በር ላይ ሴቶቹን «ቀሚስሽ ሲያምር!»፣ ወንዶቹን «የእኔ አንበሳ!» ብላችሁ የምትቀበሉ ከሆነ አንድ ሳምንት ለሁሉም «ዛሬ ምን ልትሠሩ ነው?» በሉ። የሚያለቅስ ወንድ ልጅ ሲያጋጥማችሁ «ወንድ አያለቅስም» አትበሉት። «ምን ሆንክ?» በሉት። ሌላ ምንም ሳይለወጥ ይህ አንዱ ቢለወጥ ብዙ ነው።

ለተረትና ለታሪክም ሩቅ አንሄድም። ሐይቁ ላይ፣ ደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ለሕፃናት «አንዲት ንግሥት በታንኳ ተሻግራ...» ብሎ መጀመር ይቻላል። ጣናን በየቀኑ የሚያይ ልጅ ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ።

ታዲያ አበባየሆሽና ሆያ ሆዬም ሊቀር ነው?

የለም፤ ማንም አይነካቸውም። ቡሄ የወንዶቹ፣ እንቁጣጣሽ የሴቶቹ ሆኖ ሰፈር ውስጥ ይቀጥላል። በትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ ግን ሁሉም ልጅ ሁለቱንም ቢዘፍን የሚጎድል ነገር የለም። ልጆቹ ሁለቱንም ግጥም በቃላቸው ያውቁታል እኮ።

ሴት ተማሪዎቼ በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ይቀራሉ። ወንድ መምህር ነኝ፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ። የወር አበባ በአብዛኛው ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስለዚህ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ ወሬው ሳይደርስ ትምህርቱ መድረስ አለበት። ለወንዶቹም ጭምር። የሚስቁት ስለማያውቁ ነው። ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ እንደ ልብና እንደ ሳንባ አድርጋችሁ አስተምሩት። ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ።

ስም ጠሪ ከሆናችሁ ሴት ተማሪ ስትነሳ «የት ነው?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። ቢሮ ውስጥ ሞዴስ፣ ሳሙናና አንድ ነጠላ ወይም ሹራብ ይቀመጥ። ቁልፉ ሴት መምህር ጋ ይሁን፤ የት እንዳለ ግን ሁሉም ተማሪ ይወቅ። ርዕሰ መምህሩን የምትጨቀጭቁት ደግሞ ስለ ሽንት ቤቱ ይሁን፤ ለብቻው የሆነ፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው፣ ውኃ ያለው። የትምህርት ቤቱ ድጎማ በጀት ሲከፋፈል አጥሩ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይህ ይምጣ ብሎ መከራከር የወንድ መምህርም ሥራ ነው።

ወላጆች «ልጄን ባህሏን ልታስረሱብኝ ነው» ቢሉስ?

አትከራከሩ። የሚፈልጉትን ጠይቁ። «ልጅዎ ወዴት ብትደርስልዎ ደስ ይልዎታል?» በሏቸው። ሐኪም፣ መምህርት፣ ባንክ ቤት የማይል ወላጅ ብዙም አላጋጠመኝም። «እንግዲያው ማታ አንድ ሰዓት ለደብተሯ ይስጡልኝ» በሉ። ያቺ አንድ ሰዓት የምትመጣው ከሥራ ላይ ተቀንሳ ነው። ስለዚህ ወንድሟ ውኃ መቅዳት ይኖርበታል። ንግግሩ በራሱ ጊዜ እዚያ ይደርሳል።

«ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚል አባት ይነሳል፤ አይቀርም። እኔ እንዲህ ነው የምለው። «አባቴ፣ ገበያ ውስጥ ጤፍና ሽንኩርት ሸጠው ልጅ የሚያስተምሩት እናቶች የት ነው ያሉት? ማጀት ነው ችሎት?» ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ፤ የራሳቸው እናት ትዝ ትላቸዋለች። አባቶችን ለብቻ ጥሩ። የንስሐ አባትም ቢገኙ ቃላቸው ከእኛ ይልቅ ይሰማል።

አንዲት ተማሪዬ ልትዳር ነው ሲባል ሰማሁ። ምን ላድርግ?

ጥር ሲደርስ ጆሯችሁ ይከፈት። ስም ስትጠሩ ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረች ልጅ ካለች ጓደኞቿ ምክንያቱን ያውቃሉ።

መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን አነጋግሯት። ሴት መምህር ብትሆን ይሻላል። ማን እንደነገራችሁ ለማንም አትናገሩ። ከዚያ ወዲያው ለርዕሰ መምህሩ አሳውቁ። ርዕሰ መምህሩ ለቀበሌው፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይና ለፖሊስ በጽሑፍ ያሳውቃል። ብቻችሁን ቤታቸው ሄዳችሁ አትጣሉ። ለእናንተም ለእሷም አደገኛ ነው፤ ሠርጉም ተፋጥኖ በሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

ሕጉ ግልጽ ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በፌዴራሉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ ካልደረሰ ልጅ ጋር ጋብቻ የሚፈጽመውን ይቀጣል። ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ወላጆችን ስታነጋግሩ ግን በእስራቱ አትጀምሩ። ብዙዎቹ ልጃቸውን የሚድሩት ስለሚጠሏት አይደለም። ይፈራሉ። ድህነቱን ይፈራሉ፤ መንገድ ላይ የሚደርስባትን ይፈራሉ። ፍርሃታቸውን ስሙና ከዚያ ሕጉን ንገሩ።

ሠርጉ ቀረ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። በወሩ ከተማ ዘመድ ቤት ለሥራ ተልካ የምታገኙበት ጊዜ አለ። እስከ ሰኔ ድረስ ስሟ በየሳምንቱ ይጠየቅ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሠርግ ይቀርባል። አግብታ፣ ወልዳም ቢሆን መመለስ የምትፈልግ ልጅ ስትመጣ በሩ ላይ የሚቀበላት ፊት የእናንተ ይሁን። «አንቺማ አለቀልሽ» የሚል ፊት ካየች ሁለተኛ አትመጣም።

አንድ ባልደረባዬ ሴት ተማሪዎችን እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ዝም ልበል?

አትበሉ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ስታፍ ናችሁ፤ ቡና አብራችሁ ትጠጣላችሁ። ግን ነጥብ የሚሰጥ ሰውና ነጥብ የሚፈልግ ልጅ እኩል አይደሉም። «ፈቅዳ ነው» የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም።

የሰማችሁትን ከነቀኑ ጻፉ። ምርመራው የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ልጅቷንም ደጋግማችሁ አታስወሯት። ለርዕሰ መምህሩ አሳውቁ። ጉዳዩ ርዕሰ መምህሩን የሚነካ ከሆነ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የመደፈር ጉዳይ ከሆነ ግን ቅድሚያው ሐኪም ቤት ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ሳታጥብ ትሂድ። ፖሊስም ወዲያው ይወቅ። በሽማግሌ ይለቅ የሚል ሰው ይመጣል። ይህ በሽማግሌ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ለሴቶች ዝቅ ያለ መግቢያ ነጥብ መስጠት ወንዶቹን መበደል አይሆንም?

ወንድ ተማሪዎች ይህን ሲጠይቁ ቅን ሆነው ነው የሚጠይቁት። በቅንነት እንመልስላቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች የደረሰባቸውን የቆየ ልዩነት ለማካካስ የድጋፍ እርምጃ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ግን አንቀጽ መጥቀስ ብቻውን አያሳምንም። እኔ ክፍሉን አንድ ነገር አስጽፋለሁ። ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣችሁ በኋላ እስክትተኙ ምን ምን ሠራችሁ፣ በሰዓት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እንጽፈዋለን። የወንዶቹም ሥራ ይወጣል፤ ሴቶቹ ጋ ስንደርስ ግን ሰሌዳው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይለሰልሳል።

በሌላ በኩል፣ «በድጋፍ ነው የገባሽው» እየተባለች የምትሸማቀቅ ልጅ አለች። ለእሷ ነጥቡ ብቻውን አይበቃም። ማጠናከሪያው ቀድሞ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ቢጀመር ኖሮ ያን ያህል ባላስፈለጋት ነበር።

ተማሪዎቼን በጀልባ ገዳም ላስጎበኝ ነው። ሴቶች የማይገቡበት ደሴት አለ። ምን ላድርግ?

እውነተኛ የባሕር ዳር ጥያቄ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ይህ የገዳማቱ የቆየ ሥርዓት ነው። ሥርዓታቸውን መክሰስም ሆነ መከላከል የክፍል መምህር ሥራ አይመስለኝም። የእናንተ ሥራ ጉዞውን ማቀድ ነው። የትምህርት ቤት ጉዞ ለሁሉም ተማሪ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም የሚገባበትን ምረጡ። ዜጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለ። ራቅ ካላችሁ ናርጋ አለ። ወንዶቹ ሥዕሉን እያዩ፣ ሴቶቹ ጀልባው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበትን ጉዞ ግን አታዘጋጁ። ልጆች እንዲህ ያለውን ቀን አይረሱም።

«ለምን?» ብላ የጠየቀች ልጅ ካለች አትቆጧት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመነኮሳቱ የብሕትውና ሕይወት ጋር የተያያዘ መሆኑን ንገሯት። ቀሪውን ለወላጆቿና ለአባቶች እንድታቀርብ ተዉላት። መጠየቋ ግን ነውር አለመሆኑን ከአፋችሁ ትስማ።

እኔ ራሴ ቤቴ ውስጥ እንደማስተምረው አልኖርም። ይህን ለማስተማር ብቁ ነኝ?

ይህን ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ የሚያነሳው የለም። ሲወጡ፣ በር ላይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚጠይቁኝ። ወንዶችም፣ ሴቶችም። ብቁ ናችሁ። ጀምሩ። እናንተም እየተማራችሁ እንደሆነ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ልጆች ይህን ከመምህር ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

እኔም ቤት እንደዚያው ነበር። ስልጠና ሰጥቼ ደክሞኝ እገባለሁ። ሴት ልጄን ከደብተሯ አስነስቼ ሲኒ አሳጥባታለሁ። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ስልክ ይነካካል። አንድ ማታ «እማዬ፣ ዛሬ እኔን ስንት ጊዜ ጠራሽኝ? እሱንስ?» አለችኝ። መቁጠሩን ከእኔው ነበር የሰማችው። እሷን አራት ጊዜ ጠርቻለሁ። እሱን አንድም ጊዜ አልጠራሁትም። ይቅርታ ጠየቅኳት። በነጋታው ፍሪጁ ላይ የተራ ወረቀት ለጠፍን፤ ሰኞ እሱ፣ ማክሰኞ እሷ፣ ረቡዕ አባታቸው። አሁንም የምረሳበትና የለመደ አፌ እሷን የሚጠራበት ቀን አለ። ያኔ ልጄ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ በእስክሪብቶዋ ወደ ወረቀቱ ትጠቁመኛለች።